ያላለቀው ፔጆ

ጎፋ ውስጥ ባልና ሚስት ለቅሶ ሊደርሱ ሲነሱ ሁለት እንቁላል ይመጣላቸዋል፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእሷ። እንቁላል የሚለውን ስም ያወጣለት የአዲስ አበባ ሰው ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ያለው ስም ረጅም ስለሆነ ማንም አያስታውሰውም። ነጭ፣ ድምፅ የሌለው፣ መሪ የሌለው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ መጓጓዣ ነው። ሰውየው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፤ መድረሻውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው መነጋገር አያስፈልግም። ሚስት ከፊት ትሄዳለች፣ ባል ከኋላ ይከተላል፣ ለቅሶው ቤት በር ላይ እንደ አዲስ ይገናኛሉ። በመኪና አደጋ የሚሞት ሰው ከጠፋ ዘመን ስላለፈው በዚህ የሚያማርር የለም፤ ቢኖርም የሚያማርረው ለብቻው ነው።

አቤኔዘርና ሶልያናም በየእንቁላላቸው ከሚሄዱት ናቸው። ሁለቱም ስድሳን አልፈዋል። አንድ ዘመን የሕፃን ስም የነበረው አሁን የሽማግሌ ስም ሆኖ፣ የሠፈሩ ልጅ «ጋሽ አቤኔዘር፣ እትዬ ሶልያና» እያለ ይጠራቸዋል። ከጎረቤት የሚለያቸው ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቆመ አሮጌ ፔጆ ነው፤ ያውም ውይይት። የዛሬ ልጅ ውይይት ሲባል ስለማያውቅ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከፊት ሹፌሩ ይቀመጣል። ከኋላ ክዳን ያለው ሣጥን አለ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶበታል። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ፣ የማያውቀውን ሰው ዘንቢል እግሩ መሀል አስቀምጦ ይሄዳል። ሒሳብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን ለልጅ ሲነግሩት የእስር ቤት ታሪክ ይመስለዋል።

መኪናው የሶልያና አባት የአቶ ጥጋቡ ነበር። በወጣትነታቸው ከመርካቶ ኮተቤ ሲመላለሱበት ኖረው፣ ዘመን ሲያልፍበት ግቢ ውስጥ አቁመው ሸራ አለበሱት። እሳቸው ሲሞቱ ሸራው ተቀዳዶ፣ ሞተሩ ላይ ድመት ወልዳበት ነበር። በሰልስቱ ዕለት ሶልያና ድንኳኑ ውስጥ ደረቷን ስትደቃ አቤኔዘር ማጽናኛ ቃል አጣ። ሰው ያየዋል። ባል ነውና አንድ ነገር ማለት አለበት። ተነሣና፣ «የአባባን መኪና እንደ ጥንቱ አድርጌ አስነሣዋለሁ!» አለ። ሽማግሌዎቹ «ይባርክህ፣ ወንድ ልጅ!» አሉት፤ ሴቶቹ ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩት። አቤኔዘር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከዚያን ቀን በፊት የመኪና ኮፈን ከፍቶ አያውቅም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በለቅሶ ድንኳን የተነገረ ቃል ደግሞ ከአፋፍም ይብሳል።

ይኸው ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ከምሳ በኋላ ቱታውን ይለብሳል፣ ከፔጆው ሥር ይገባል። ሶልያና ሻይ ይዛ ትመጣና መብራት ትይዝለታለች። ዝገቱ ያስነጥሳታል። «ዛሬ ፍሪሲዮኑ እሺ አለኝ» ይላታል። «ጎበዝ! አባዬ ቢያይህ» ትለዋለች። ሌላው ባል ለበዓል ሸሚዝ ሲሰጠው ለእሱ የመኪና ዕቃ ይመጣለታል። ባለፈው ፋሲካ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችው፤ ሲከፍተው የራዲያተር ክዳን ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንዴት አወቅሽ!» አላት። እሱም በተራው በአባቷ ሙት ዓመት አንዳች ነገር አድርሶ ያሳያታል። ዘንድሮ የፊት መብራቱን አብርቶላት ነበር። ቆማ እንባዋን ጠረገች።

እውነቱን ለመናገር፣ አቤኔዘር ፔጆውን ይጠላዋል። ትከሻው ያመዋል፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ቅባት በምንም አይለቅም። የሚመኘው ድሬዳዋን ነው። አንድ ልጃቸው አስካለች እዚያ ናት። የእነሱ ትውልድ ለልጆቹ የቅድመ አያቶቹን ስም አንሥቶ ስላወጣ አስካለች፣ በላይነሽ፣ ድንበሩ የሚባሉት አሁን ወጣቶቹ ናቸው። አስካለች ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወልዳለች። በየሳምንቱ ስትደውል «ኑና አብረን እንኑር» ትላለች። አቤኔዘር በሙቀት አገር፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የልጅ ልጁን ጣት ይዞ በጥላ ሥር ሲሄድ ራሱን ያያል። ግን እንዴት ብሎ ይናገራል? የአባቷን መኪና ጥዬ ልሂድ ይበላት?

በዚህ ዓመት ነሐሴ ላይ ከተማው አዋጅ አወጣ። በየግቢው የቆመ መሪ ያለው መኪና ሁሉ ከጳጉሜን በፊት ወይ ጥገናው ይጨረስ ወይ ይወገድ ተባለ። የተጨረሰው መኪና አንድ ቀን ብቻ ሠፈሩን እንዲዞር ይፈቀድለታል፤ ከዚያ መሪው ይታሸግና ቅርስ ይሆናል። የቅርስ ባለቤት ደግሞ ጠባቂ ነው። ጠባቂ አድራሻ አይቀይርም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ፔጆው ካለቀ አቤኔዘርና ሶልያና ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት ጎፋ ነው፣ ድሬዳዋም ሕልም ሆኖ ይቀራል። ከተሸጠ ግን ይሄዳሉ።

አቤኔዘር አማካሪውን ጠየቀ። አማካሪ ሁሉም ሰው አለው፣ ጆሮ ውስጥ የሚናገር ትሑት ድምፅ ነው። ዛሬ ምን እንደሚለበስ፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ የቱ ሐኪም ዘንድ እንደሚኬድ እሱ ይወስናል፤ ሰው ይስማማል። የባል አማካሪና የሚስት አማካሪ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ስለሚያስማሙ በየቤቱ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር ቀርቷል። ከተማው በዚህ ይኮራል፣ በየዓመቱም ይህንኑ በዜና ያስነግራል።

«ልጨርሰው ወይስ ልሽጠው?» አለው አቤኔዘር።

«ከባለቤትዎ ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው» አለው አማካሪው።

አቤኔዘር ደነገጠ። አማካሪ እንዲህ ሲል ሰምቶ አያውቅም። «አንተ ምን ትላለህ?» አለው ደግሞ።

«ከባለቤትዎ ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው።»

ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ተወው።

ደላላው ቢላል የመጣው በዚያው ሰሞን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በዝናብ ነው። በእግሩ ነው የመጣው። እንቁላል ውስጥ የተቀመጠ ደላላ ወሬ አይለቅምም ይላል። ደላላ እስካሁን መኖሩ ሰውን ይገርመዋል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። አማካሪ መዋሸት አይችልም፣ ገበያ ደግሞ ያለ ትንሽ ውሸት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ትልልቅ ነገር ሲሸጥ ሲለወጥ እንደ ጥንቱ ደላላ መሀል ይገባል። ቢላል ሃምሳን ያለፈ፣ ጃንጥላውን ታቅፎ የሚሄድ፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሰው ነው። የላከው ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ነበር።

«ጋሽ አቤኔዘር፣ እነሱ የሚፈልጉት እንዳለ ነው» አለ ፔጆውን እየዞረ። «ሽቦው እንደተንጠለጠለ፣ ቀለሙ ግማሽ እንደሆነ። እንግዳ ሲገባ መሀል አዳራሽ ላይ ያየዋል። ካለቀ ግን ቅርስ ነው፣ ማንም አይነካውም። ዋጋውን አያስቡ፣ እኔ አለሁ።»

«ዋጋው አይደለም» አለ አቤኔዘር።

ሶልያና በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። «የአባቴ መኪና ነው እኮ፣ ቢላል» አለች ጮክ ብላ። «አቤኒ ዕድሜውን ያፈሰሰበት ነው። እንዴት አድርገን እንሸጠዋለን?»

«እሱስ እውነቷን ነው» አለ አቤኔዘር ቶሎ ብሎ። «የአማቴ መታሰቢያ ነው። ትንሽ ነው የቀረው፤ እጨርሰዋለሁ።»

ቢላል አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ደላላ የሆነ ሰው ሻጭና ገዢን አንድ ላይ አያናግርም፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ እያለ ለየብቻ ያናግራል። ባልና ሚስትም ቢሆኑ ሥራው ሥራ ነው። አቤኔዘርን በክንዱ ይዞ ከፔጆው ኋላ ወሰደውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እዚህ ማንም የለም። እውነት እርስዎ መሸጥ አይፈልጉም?»

አቤኔዘር ወደ በረንዳው ተመለከተ። ከዚያ ሃያ ዓመት የያዘውን አወጣው። «እኔማ ዛሬ ጎትተው ቢወስዱልኝ ሻማ አበራ ነበር» አለ። «እሷ ናት እንጂ። የአባቷ ነገር ነው፣ ልቧ ይሰበራል። እንዳትነግራት፣ አደራ!»

«ሞቼ ልገኝ!» አለ ቢላል።

ቀጥሎ በረንዳ ወጣ። ሶልያና ወደ ሳሎን አስገብታ ደረቅ ፎጣ ሰጠችው። እዚያ ምን እንደተባለ አቤኔዘር አልሰማም፤ የሰማው ሳቁን ነው። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ትልቅ፣ ከዚያ ሰውየው ሳል እስኪያፍነው ድረስ። ቢላል በፎጣው ዓይኑን እየጠረገ ወጣና ደረጃው ላይ ቆመ።

«እኔ በዚህ ሥራ ስኖር» አለ፣ «ሻጭ አልሸጥም ሲል አይቻለሁ፣ ገዢ አልገዛም ሲል አይቻለሁ። ሁለት ሰው፣ ሁለቱም መሸጥ እየፈለጉ አንዱ ለአንዱ ብለው ሳይሸጡ ሃያ ዓመት ሲቀመጡ ግን ዛሬ ገና አየሁ! ጋሼ፣ እትዬም እንደ እርስዎ ናቸው! "እኔማ በአባቴ አርባ ማግስት በሸጥኩት ደስ ባለኝ፤ እሱ ነው እንጂ፣ በሰው ፊት ቃል ገብቶ፣ ነፍሱ ከመኪናው ጋር ተጣብቃ፤ እንዳትነግረው" አሉኝ!»

«ቢላል!» አለች ሶልያና ከኋላው።

«ምን ላድርግ እትዬ? የሁለታችሁንም አደራ ልያዝ ብል ሆዴ ይፈነዳል።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይመታል። ባልና ሚስት በግቢው ርዝመት ተያዩ። እዚህ ላይ ሰው እቅፍ ይጠብቅ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሶልያና እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ደረጃውን ወረደች።

«አትወደውም?» አለችው። «ይሄን ቆርቆሮ አትወደውም?»

«አንቺስ? አንቺ ትወጂዋለሽ ብዬ አይደል!»

«እኔ? ይሄ መኪና አባቴን ከማለዳ እስከ ምሽት ወስዶብኝ፣ እሁድ እንኳ ሥሩ ተጋድሞ፣ እግሩን ብቻ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ! ሲሞት ድንኳን ውስጥ ተነሥተህ አስነሣዋለሁ ስትል ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ተወኝ፣ አልፈልገውም ልበል? አንተንስ ላዋርድህ?»

«እንዲህ ነው ብትዪኝ መቼ እንቢ እልሽ ነበር?»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ? የራዲያተር ክዳን ስሰጥህ ደረትህን ይዘህ ነበር እኮ! ስንት ሰው ለምኜ፣ ስንት ቦታ አስፈልጌ ያገኘሁት ነው። ደስ ይበለው ብዬ!»

«ደስ ይበላት ብዬ ነው እኔም ደስ ያለኝ!»

ቢላል ጃንጥላውን ዘርግቶ በቀስታ ወደ በሩ አፈገፈገ። እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ ሠፈር ከተሰማ ዓመታት አልፈው ስለነበር ሁለት ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ አለ።

ሶልያና አማካሪዋን ጠራች፣ ግቢው እንዲሰማውም ድምፁን ከፍ አስደረገችው። «አንተ! ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ አማካሪው በዚያው ትሑት ድምፅ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ለረጅም ጊዜ። እርስዎ ለባለቤትዎ እንዳልናገር አዝዘዋል። ባለቤትዎም የእሳቸውን አማካሪ እንዲሁ አዝዘዋል። ከባለቤትዎ ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው ብዬ ነበር።»

አቤኔዘር ፔጆው ኋላ ገብቶ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። ንዴቱ በአማካሪው ላይ ሊወጣ አልቻለም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። በሶልያናም ላይ ሊወጣ አልቻለም። ሃያ ዓመት እሷን ሲያስደስት መኖሩ ታወሰው። እሷም እሱን ስታስደስት ኖራለች። ሁለቱም ደክመው፣ ሁለቱም አስነጥሰው፣ ማንም አልተደሰተም። ይህን ፍቅር ይሉታል ወይስ ኪሳራ? እሱ አላወቀም፣ አዘነ ብቻ። ሶልያና መጥታ ከፊት ለፊቱ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጉልበታቸው ተነካካ።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አለች። «ውሸት ነው። ይኸው ነቀዘብን።»

«ይቅርታ፣ ሶሊ።»

«እኔም ይቅርታ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እንግዲህ ይውሰደው። ድሬ እንሄዳለን። ልጁ ሳያድግብን እናየዋለን።»

አቤኔዘር ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያውን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ነጭ ሸሚዙን አሰበ። ቢላልም ከበሩ ሥር ሆኖ ነገሩ መብረዱን ሲያይ ፔጆውን ጎትቶ የሚወስደውን ጫኚ ጠራ። ሶልያና ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ አንድ ነገር ይበላት ጀመር።

«አቤኒ፣ አስኩም ይሉኝታ ይዟት ቢሆንስ?»

«እሷ? በየሳምንቱ ኑ እያለች?»

«እኛስ በየቀኑ ምን ስንባባል ነው የኖርነው?»

ደወለች። የአስካለች አማካሪ ቀድሞ አነሣና፣ «ልጅዎ የእናንተን መምጣት ስትሰማ ደስ እንደሚላት ደጋግማ ገልጻለች» አለ። ሶልያና፣ «እሱን ዝም አሰኚና ራስሽ አናግሪኝ» አለች። ከዚያ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፣ ቀጥሎም የአስካለች ድምፅ መጣ።

«ምነው እማዬ፣ ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንዳታስደስቺኝ። መኪናውን ልንሸጠው ነው። እውነት ከእናንተ ጋር እንድንኖር ትፈልጊያለሽ?»

ሕፃኑ አንዴ አለቀሰና ተወው። ሶልያና የባሏን እጅ ያዘች፤ እጁ ቅባት እንደነካው ነው።

«እማዬ» አለች አስካለች። ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር። «እውነቱን ልናገር?»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ኑ ስላችሁ የነበረው አባዬ መኪናውን ጥሎ እንደማይመጣ ስለማውቅ ነው። ልጅ ወልዳ ወላጆቿን አልጠራችም እንዳልባል። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ባለቤቴም ዝም ይበል እንጂ አይችለውም፤ እኔም ደክሞኛል። እንድትመጡ እፈልጋለሁ፣ ግን መጥታችሁ እንድትሄዱ። እንድትኖሩ አይደለም። ይቅር በሉኝ።» አለቀሰች።

ነጭ ሸሚዝ፣ ጥላ፣ የሕፃን ጣት፣ ሁሉም አንድ ላይ ከአቤኔዘር እጅ ወጣ። በሶልያና ፊት ላይ ግን የታየው ሌላ ነገር ነበር። አመማት፣ ግን ያመማት እውነት የሆነ ነገር ነው።

«ጎሽ፣ ልጄ» አለች። «እንዲህ ነው መናገር። ለመስቀል መጥተን አንድ ሳምንት እንቆይና እንመለሳለን። ሳምንት ይበዛል?»

«አይበዛም» አለች አስካለች፣ እያለቀሰች ሳቅ ብላ። «ሳምንት ልክ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ጫኚው በሩ ላይ ደርሶ፣ መንጠቆውን አውጥቶ ይጠብቅ ነበር። ቢላል ሁሉንም ሰምቷል። ጆሮውን የሚደፍን ሰው አይደለም።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ የደላላ አልነበረም። «ድሬ ከቀረ መኪናውን ማስቀረት ይቻላል። ጨርሰው አንድ ቀን ይነዱታል። ለሆቴሉ መልሱን እኔ እሰጣለሁ።»

አቤኔዘር ከመኪናው ወርዶ ከፊት በኩል ዞረ። በሩን ከፍቶ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ። መሪው ቀዝቃዛ ነው። ራሱን ጠየቀ። ሶልያና ምን ትል እንደሆነ፣ ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ምን ይሉ እንደነበር ለማሰብ ሲቃጣው ሐሳቡን መለሰው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ሞተዋል። እኔስ? አለ። እኔ፣ አቤኔዘር፣ ይሄን ነገር መንዳት እፈልጋለሁ? መልሱ ቶሎ አልመጣም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይጠየቅ የኖረ ሰው መልሱን የሚፈልግበትን ቦታ እንኳ አያውቀውም። ሶልያና መስታወቱ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። አላጣደፈችውም፣ አልረዳችውምም።

«አልፈልገውም» አለ በመጨረሻ። «ድሬ ብንሄድም ባንሄድም አልፈልገውም። አንቺስ?»

«ይሂድልኝ» አለች።

ቢላል ሁለቱንም አንድ ላይ አቁሞ አስደገማቸው፤ ሕጉ ነው። «እኔ በራሴ ፈቃድ» ማለት አለባቸው። አቤኔዘር «እሷ ከፈቀደች» ብሎ ጀመረና ራሱ ሣቀ፤ እንደገናም አለው፣ በትክክል። ጫኚው መንጠቆውን አገባ። ፔጆው ለዓመታት ከቆመበት ሲነቃነቅ የብረት ጩኸት አሰማ። ሥሩ ያለው መሬት ነጭና ደረቅ ነበር። በሩን አልፎ ሲወጣ ሶልያና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አቤኔዘር ደንግጦ፣ «ልመልሰው? ልጥራው?» አላት።

«አትጥራው። አባቴ ገና ዛሬ የተቀበረ መሰለኝ። ተወኝ፣ ላልቅስ።»

ተዋት። አጠገቧ ቆመ። የሚያጽናና ነገር ልናገር ብሎ አልታገለም። ቆይቶ ዝናቡ አቆመ፣ ጎረቤቶቹም መስኮታቸውን ዘጉ።

ቤት ሲገቡ ሰዓቱ ደርሶ ኖሮ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም ሳያዝዘው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ቀይ ምስር ወጥ። ሶልያና ልትቀመጥ ስትል ቆመችና ሳህኑን አየችው፤ ከዚያ ባሏን።

«ይሄን ያዘዝከው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ? "እሷ የወደደችውን" ነው ያልኩት፣ ከተጋባን ጀምሮ።»

«እኔም እሱ የወደደውን ነው ያልኩት።»

ሁለቱም ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፤ አማካሪ የሚኖረው እዚያ ይመስል። ጥያቄው ግልጽ ስለነበር አማካሪው ሳይጠራ መለሰ። «የሁለታችሁም ትእዛዝ ወደ ሌላው የሚመራ ስለነበር ከጤና ቢሮ የሚመከረውን አቀረብኩ» አለ።

አቤኔዘር ወንበሩን ሳበ፣ ተቀመጠ። እጁን ታጠበ። እንጀራውን ቆርሶ ምስሩን ነካ፣ ወደ አፉም አስጠጋ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«ምስር አልወድም» አለ። «ወድጄውም አላውቅም።»

ሶልያና ሳህኑን ከፊቱ አነሣችና ወደ ዳር ገፋችው። ከዚያ ወንበሯን አዙራ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ ሁለት ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ሌላስ?» አለችው።